ሜዳ ያልነበራቸው

በጥቁሩ ሰሌዳ፣ በነጩ ጠመኔ፣ ጽፌ ነበር እኔ፦
«አርሴናል፣ ሃያ ብር። ሲቲ፣ ሃያ ብር።»
ከሥር በደቃቁ፦ «ፋሮ ደሴቶች፣ አምስት።»
ወንድሜ አይቶ ሳቀ፤
«የጄኔሬተሩን ነዳጅ እንኳ አይሸፍን፤
ማን ሊገባልሽ ነው? ዓሣ?»

መጣ ጋሽ ልሳነወርቅ፣ ጡረተኛው ፖስተኛ፣
የመሐል ሜዳን ጉም በትከሻው ተሸክሞ፣
ባናውን አራግፎ፣ ከደጃፉ ቆሞ፣
አምስት ስጠብቅ ሃያ ሰጠኝ፤
«ለነሱ ቅናሽ የለም» አለኝ።

ውስጥ ማን አለ? እሱ፣ እኔ፣
መንገድ በጉም የተዘጋበት አንድ የአይሱዙ ሹፌር።
ቴሌቪዥኑ በራ፤
እዚያም ጉም፣ እዚያም ነፋስ፣
ከጎሉ ጀርባ ተራራ፣ ተራራው ላይ በግ።
«ይሄ መንዝ ነው እንዴ?» አለ ሹፌሩ።
ጋሽ ልሳነወርቅ አልሳቀም።

«የበግ ደሴቶች ማለት ነው ይላሉ ስማቸው።
ሕዝቡ ቢቆጠር፣ ከነአራሱ ቢደመር፣
የኛን ወረዳ ግማሽ አይሞላም ነበር።
ንጉሣቸው ባሕር ማዶ፣ ባንዲራው የራሳቸው፤
ኳስ ነፍሳቸው ነው፤ የሣር ሜዳ ግን አልነበራቸው።
እኛ...» አለና በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ፣
«ለከተማችን ሜዳ ብለን ስም አውጥተን፣
ከሜዳም መሐሉን ለራሳችን ሰጥተን፣
ተሸንፈን ስንገባ ሜዳው ነው ጠማማ!»

ሰማንያ ሦስት፣ መስከረም ሁለት፣ የዕንቁጣጣሽ ማግስት
(ጋዜጣው ግን እኛ ዘንድ የደረሰው መስቀል አልፎ ነው፣
በአውቶቡስ፣ ከድንች ጆንያ ሥር፣ ጠርዙ ርሶ)፣
ከሙት ዓመት ማስታወቂያ በታች፣ ሦስት መስመር፦
ፋሮ አንድ፣ ኦስትሪያ ዜሮ።
«የመጀመሪያ የነጥብ ጨዋታቸው! ያውም በተውሶ ሣር፣ ስዊድን ላይ!
አናጢ፣ ነጋዴ፣ አስተማሪ፣ በማግስቱ ሥራ ገቢ።
በረኛው ደግሞ ቆብ አድርጓል፤ የሱፍ ቆብ፣
እናት ለልጇ የምትሠራው ዓይነት።»

እሱም ያኔ በረኛ ነበር።
ደብረ ብርሃን ወርዶ፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካው ቡድን
ሰባት አግብቶበት፣ ጓንቱን ለእህቱ ልጅ ሰጥቶ፣
«ከእንግዲህ የምይዘው ደብዳቤ ብቻ ነው» ብሎ ነበር።

ወረቀቷን ቆረጣት። ከቴምብሩ መሳቢያ ከተታት።
ለመልሱ ጨዋታ ከጥቁር በግ ጠጉር ቆብ አሠርቶ
ወጣ፣ ጎሉ መሐል ቆመ፤
ሕዝቡ እየሳቀ፣ እያፏጨ፦
«አባ ልሳነወርቅ! ገዳሙ ወዴት ነው?»

«አሸነፋችሁ?» አለ ሹፌሩ፣ ሻዩን ሳያማስል።
«ሁለት ለባዶ ተሸነፍን።»
ዝም አለ። ቴምብር እንደሚለጥፍ ሰው ቀስ ብሎ፦
«ከሰባት ላይ ሁለት ስትቀንስ ስንት ነው?»

ያ ቡድን ዓመት አልቆየም።
ሁለቱ ተከላካዮች ዘምተው ቀሩ፤
የቤተሰቦቻቸውን ደብዳቤ ያደረሰ ይኸው ሰው ነው፣
በእግሩ፣ በጭቃ፣ ቤት ለቤት።
ይህን ለሹፌሩ አልነገረውም።

በሰባኛው ደቂቃ አራተኛው ጎል ገባ።
ትልቋ አገር (ስሟ ይቅር) ተቀያሪዎቿን አስገባች፤
ማስቲካ የሚያኝኩ ነበሩ።
ደሴተኞቹ ግን፣ አራት ለባዶ እየተመሩ፣
ለአንዲት የማዕዘን ምት ዘጠኝ ሆነው ሮጡ።
ጋሽ ልሳነወርቅ ተነሣ፤
ሹፌሩም ተነሣ፣ ምን እንዳስነሣው ሳያውቅ፤
እኔም፣ የአርሴናሏ ልጅ፣ የብር ሣጥኔን ታቅፌ።
ኳሷ አግዳሚውን መትታ ወጣች።
እኛም አግዳሚያችን ላይ ተመልሰን ተቀመጥን።

ሲያልቅ ቆቡን ከኪሱ አወጣ፤ ጥቁሩን፣ ብል የቀመሰውን፤
እስከ ጆሮው አጥልቆት ጉሙ ውስጥ ገባ።
ሰሌዳውን ጠረግሁ። የአርሴናልን ጻፍሁ።
ከሥሩም፣ ጠመኔው እስኪሰበር ተጭኜ፦
«ፋሮ፣ የመልስ ጨዋታ። ሃያ ብር።
ቅናሽ የለም።»