ዘቢቡ የት ገባ?

በኬሚ ከተማ፣ ኅዳር አጋማሽ ላይ፣
ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል ሰማይ።
ከወረቀት ፋብሪካው፣ ከሌሊት ፈረቃ ገብቼ፣ ተኝቼ፣ ተነሳሁ፤
እናቴ መጦሪያ ስትገባ «ውሰደው» ያለችኝን፣
ያልገለጥሁትን ደብተር ከመሳቢያው አነሳሁ።

ሽፋኑ ቅባት ጠጥቶ ብርሃን ያሳልፋል፣
ሽሮፕ የነካው ገጽ ካጠገቡ ገጽ ጋር ተጣብቆ ያርፋል።
ልኬት የለው፣ ሚዛን የለው፤
«ወተት፣ እስኪበቃው» ነው የሚለው።
እስኪበቃው ስንት ነው? ማንን ነው የሚበቃው?
ወተቱን? ሩዙን? ወይስ ምድጃው ሥር ቆሞ የሚጠብቀው?

ጉበቱ ይፈጫል፣ ሽንኩርቱ ይቁላላል፣
ጥቁር ሽሮፕ በሲኒ፣ ዘቢብ በእፍኝ ይገባል፣
መልኩ ልክ ሲመጣ እሳቱን ያያል።

ልጆቼ ሦስት ናቸው፣ ሦስት የምላስ መንግሥት፣
አንዱ ያጸደቀውን ሌላው የሚሽርበት።
ቬንላ ዘቢቡን አንድ በአንድ ነቅሳ
ከሳህኑ ዳር ታሰልፋለች፣ እንደ ጉንዳን ሬሳ።
ኦይቫ ከላይ ያረረውን ቅርፊት ልጦ ይበላና
ቤቱን ያለ ጣሪያ ትቶ ይሄዳል፣ «ጠገብሁ» ይልና።
ሳይሚ፣ ትንሿ፣ ቡናማ ነገር አትበላም፤
«ቸኮላትስ?» ብላት፣ «ቸኮላት ምግብ አይደለም!»

እኔም እንደ አባት ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣
ያልኖርሁትን ዘመን መተረክ ጀመርሁ፦
«በእኛ ጊዜ ልጅ የቀረበለትን ይበላ ነበር፣
ማማረጥ የሚባል ነገር ቤታችን አልነበር።
ሒልካ፣ አያታችሁ፣ ሳህን ሳይጸዳ ከወንበር አታስነሳም፤
እኔን አንድም ቀን ‹አልበላም› ስል ሰምታኝ አታውቅም።»

«ዘቢቡንም?» አለች ቬንላ። «ዘቢቡንማ!» አልሁ፤
ግን እንዴት እንደነበር ማስታወስ አልቻልሁ።
የእናቴ ጉበት ጣፋጭ ነበር። ዘቢብ ግን፣ በጥርሴ፣
ተሰምቶኝ ያውቃል ወይ? ጠየቅሁ ለራሴ።

ማታ ዕቃ ሳጥብ፣ በሙቅ ውኃው እንፋሎት
የተጣበቁት ገጾች ቀስ ብለው ተላቀቁ፣ ከሠላሳ ምናምን ዓመት እስራት።
በህዳጉ፣ በእርሳስ፣ ወደ ግራ በሚያዘነብል ጽሕፈት፦
«ታውኖ ዘቢብ ይለቅማል። ከጉበቱ ጋር መፍጨት።
እንዳያይ።
‹ይሸታል› ካለ፣ የቀይ ዱር እንጆሪ ማርማላታ በላይ በላይ።
ከጠየቀ፣ የበሬ ሥጋ ነው ማለት።
የባሰ ቀን፣ ዳቦ። ነገ እንደገና መሞከር። አለመቆጣት።»

ከ«አለመቆጣት» ሥር ሁለት መስመር ተሰምሯል፤
ሁለተኛው ወረቀቱን ቀዶታል።
ምን ያህል ተቆጥታ እንደጻፈችው ማን ያውቃል?

የዕቃ ማጠቢያው ላይ ጎብጬ ሳቅሁ፣ እጄ አረፋ እንደነበረ፤
ስንት እፍኝ ዘቢብ በሆዴ ሳላውቀው አደረ!

መጦሪያው ደወልሁ። እራት ላይ ነበረች።
«ምን ሰጡሽ?» «የዓሣ ሾርባ። ይሸታል» አለች።
«በላሽ ታዲያ?» «ድንቹን ለቀምሁለት።»
«እማ፣ ልጅ ሳለሁ ዘቢብ እጠላ ነበር?» አልሁ፣ ሳቄን ደብቄበት።
«አንተ? ሁሉን ትበላ ነበር» አለች፣ ድምጿ ሳይዛባ፣
«ደግሞ የምን ዘቢብ? እኔ ጉበት ውስጥ መቼ ዘቢብ ገባ?»

እስክሪብቶ ፈለግሁ። ከእርሳሷ በታች፣ በተረፈው ህዳግ፦
«ቬንላ፦ መፍጨት። (የደረሰችበት ዕለት ምን ይደረግ?)
ኦይቫ፦ ሰፊ ትሪ፣ ሳሳ አድርጎ፣ ቅርፊቱ እንዲበዛ።
ሳይሚ፦ ዳቦ። ለዓርብ ደግሞ በጨዋታ፣ በዋዛ።»

ጥፍር የምታህል ቦታ ቀረች፣ ከገጹ ጫፍ፣ ከቅባቱ ምልክት።
«ሒልካ፦ ቅዳሜ። በፎጣ ጠቅልሎ ትኩሱን መውሰድ።
ከጠየቀች፣ የበሬ ሥጋ ነው ማለት።»