የጋሽ ይመር ፌስታል

ጉሙ ከጦሳ ላይ ፒያሳ ሲወርድ፣
ጋሽ ይመር መጡልኝ፣ እጃቸው ሲርድ።
ፌስታላቸውን ፈትተው ባንኮኒው ላይ ዘርግፈው፣
«እስቲ ቁጠሪያቸው፣ ልጆቼን ይበልጣሉ» አሉኝ ፈገግ ብለው።

ስማቸውን የት ያውቁት፤ በመልክ ነው የሚጠሩ፤
«ይቺ ቢጫይቱ ናት የነገር ሁሉ ሥሩ፤
ለጉልበቴ ብዬ።
ሆዴን አነደደችው። ለሆዴ ነጯን ሰጡኝ፤
እግሬ አበጠና ደግሞ የሽንቷን አስዋጡኝ።
እሷ ሌሊቱን ደጅ ስታመላልሰኝ ብታድር፣
ለእንቅልፍ ሰማያዊ።
ሸዋ በር ቁልቁለት ላይ ከዳኝ በጠዋቱ ምድር።»

ሦስት ካርድ፣ ሦስት ሐኪም፣
ያንዱን ወረቀት ሌላው አያይም።
የሰማያዊዋ ልክ ጎረምሳ የሚጥል!
ማነው የሰጠዎት ብዬ ልቆጣ ስል፣
ፖስታዋን ገለበጥሁ፤
«ማታ ማታ አንድ» ይላል።
የራሴ እጅ ጽሑፍ።

ሰልፉ በዝቶ ነበር ያን ቀን፤ ዕድሜያቸውን አልጠየቅሁ፣
ማኅተሟን ብቻ አይቼ፣ ቆጥሬ ሰጥቼ ሸኘሁ።

ስልኩን አነሣሁ፤ ሐኪሙ አያነሣም።
«ጉልበትዎስ፣ አባባ?»
«እሱማ» አሉ እያሹት፣ «መች ተሻለውና፤
ከቢጫይቱ ወዲህ የጠየቀኝ የለም።»