ከግራ ጎድን በታች

ቅዳሜ ማለዳ፣ ከሽንፈት ማግስት፣
አርባ ሁለት ማሊያ፣ ሦስት ማጠቢያ ማሽን፣ አንዲት ሴት።
ትምህርት ቤቱ ምድር ቤት፣ ከቦይለሩ ጎን፣
ሃያ ስድስት ዓመት አጠብኩ የዚህን ቡድን።
ቬርላ እባላለሁ።

ላይ፣ ነዳጅ ማደያው ዘንድ፣ ሸንጎ ተቀምጧል፤
በቆሎ ጫኙም ባንከኛውም ያንኑ ያላምጣል፦
«ልጆቹ ናቸው፤ ክንድ የላቸውም፣ ልብ የላቸውም።»
«የለም፣ የስታንገር ስልት ነው፤ ማንም አይችለውም።»
ቀንበሩ ነው በሬው? ሞፈሩ ነው መሬቱ?
የነብራስካ ነፋስ መስኮት ሲያንኳኳ፣ እነሱ ሲሟገቱ፣
ከበሮ በሰው እጅ ሲያምር እያዩ፣
ከወንበር ሳይነሱ ሦስት ልጅ ቀበሩ።

እኔን የጠየቀኝ የለም።
አጣቢ ምን ታውቃለች? ሳሙናና ቀለም።
እኔ ግን ገበናቸውን በእጄ አሽቼ አውቃለሁ፤
ማን እንደፈራ፣ ማን እንዳለቀሰ፣ ከአንገትጌው አነባለሁ።

መስከረም ላይ ኳርተርባካችን ሊንድክቪስት ነበር፣
የዶሮ አርቢው ልጅ፣ ቁጥር አሥራ ሁለት፣ ሲናገር የሚያፍር።
የስታንገር ስልት እንዲህ ነው፦ ሁሉም ይሮጣል፣ የሚቀር የለም፤
ልጁ ኳሷን ይዞ አራት እስኪቆጥር ይቁም።
አራት!
ከግራ ለሚመጣ ወጠምሻ
አራት ማለት ዘመን ነው።

ያን ማታ ማሊያውን ስገለብጥ የሣር እድፍ አየሁ፣
ከግራ ጎድን በታች፣ መዳፍ የሚያህል።
ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነከርኩት፤ ሣር በሙቅ ይብሳል።
በአራተኛው ሳምንት የልጁ ትከሻ ወለቀ፤
ከተማው «ድሮም ሰንበሌጥ ነበር» ብሎ ሳቀ።

ጥቅምት ላይ ኖቫቼክ ገባ፣ ቁጥር ሰባት፣
አንገተ ወፍራም፣ አፈ ጮሌ፣ «ይሄን ማን ይጥለዋል» ያሉት።
ያው እድፍ። ያው ግራ ጎን።
ሁለቱን ማሊያ ደራርቤ መብራት ላይ ብይዘው
አንዱ በአንዱ ላይ ልክክ አለ፣ ማኅተም ይመስል።

ከዚያ ኢግናሲዮ፣ አባቱ ስጋ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ፣
አሥራ ስድስት ዓመቱ፤ ቁጥር አራት ጉልበቱ ጋ የሚደርስበት።
ሦስተኛ ማኅተም።

ሦስቱን ታቅፌ ደረጃውን ወጣሁ።
ስታንገር ከሰሌዳው ፊት ነበር፣ በክብና በቀስት ተከቦ።
«ልጆቹ ተለዋወጡ» አልኩት፣ «እድፉ ግን አልተለወጠም፤
ሦስት እናት የወለዷቸው አንድ ቦታ አይቆስሉም።»

መነጽሩን አወለቀ።
«በዚህ ስልት እኮ ዋንጫ በልተናል፣ የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት።»
«አስታውሳለሁ። ያን ዓመት ሁሉም ማሊያ ንጹሕ ሆኖ ነበር የሚመጣልኝ፤
ከአንድ በቀር።»
«የማን?»
«የግራ ጠባቂው። የሆልገር።»
ስሙን ስጠራው ወንበሩን ፈለገ።
ያን ልጅ ፎቶ ያነሳው አልነበረም፤ ዋንጫውንም ሲያነሱ
ከኋላ ቆሞ፣ ግማሽ ፊቱ በሰው ክንድ ተሸፍኖ ነው ያለው።

ትናንት ማታ አራቱ ቁጥር ሁለት ሆነ፤
አንድ ሯጭም ቀርቶ ግራውን ዘጋ።
ተሸነፍን ግን፣ በሦስት ነጥብ።
ኢግናሲዮ ሁለት ኳስ ለባላጋራ አቀበለ፣
ማንም ሳይነካው፣ ጊዜ እያለው፣ በገዛ እጁ።
ይህንንም አየሁ፤ አልደብቅም።

ነዳጅ ማደያው ዘንድ «አላልናችሁም?» እያሉ ነው፣
ሁለቱም ወገን፣ በአንድ አፍ።

እኔ ቁጥር አራትን አገላበጥኩ።
ግራ ጎኑ ነጭ ነው።
ጭቃው ደረቱ ላይ ነው፣
ወደ ፊት የወደቀ ሰው ጭቃ።
ይህ በሙቅ ውኃም ይለቃል።