ግብዓት ወይስ ፀአት

ሀደራ ላይ ይዘንባል፤ እናቴ "አደራ" በምትላት ከተማ። ከባሕሩ ዳር
የመብራት ኃይሉ ጭስ ከደመናው ጋር
ተደባልቆ ቆሟል።
እኔ በክሊኒኩ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮት ሥር ተቀምጬ
የሃያ ሦስት ቅርንጫፍ መዝገብ ገልጬ
በግራ የሚገባ፣ በቀኝ የሚወጣ እለያለሁ።

ግራው ግልጽ ነበር፦ ሐኪም፣ ነርስ፣ ኪራይ፣ መብራት።
ቀኙም እንዲሁ፦ የታየ በሽተኛ፣ የተቀዳ ደም፣ የራጅ ብዛት።
ከዚያ ማካፈል ነው። አንድ የሞላ ጠርዙ ላይ ይቆማል፤
አንድ ያልሞላ ያባክናል ይባላል።
ሒሳቡ ክፉ አይደለም፤ ማንም ቢሆን ማን
ራሱን የሚያሳምርበትን ይሰጠዋል ሚዛን።
እንዲያም ሆኖ ሀደራ
ዜሮ ነጥብ ሰባ አንድ።

የሚበላውን ፍለጋ ወደ ምድር ቤት ብወርድ
አንጓችን አገኘኋት።

አስተርጓሚ ናት። አቶ ቢያድግልኝ ሲመጡ ወንበር ትስባለች፤
እሳቸው ሕመምን ከሰላምታ አያስቀድሙም፦
እንዴት አደርሽ፣ ልጆቹስ፣ ወታደሩስ ደወለ፣ የእናትሽስ ጉልበት፣
አሥራ አንድ ደቂቃ ይሄዳል በዚህ ዓይነት።
ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፦ "ሆዴን ባር ባር ይለዋል።"
ዶክተር ግሪሻ ከአማርኛ "ሆድ" የምትለዋን ያውቃል፤
እጁ የጨጓራ ካሜራ ማዘዣው ላይ ደርሷል።
"ተው ዶክተር" ትላለች፣ "ሆዳቸው ጤና ነው።
ሚስታቸውን ከቀበሩ ወር አልሞላቸውም፣ እሱ ነው።"

ያልታዘዘው ካሜራ በቀኝ አይቆጠርም፤
አሥራ አንዱ ደቂቃ ግን ከግራ አይቀርም።
አንጓች ሥራዋን ባሳመረች ቁጥር
ክሊኒኩ ይሰንፋል፣ በእኔ ቀመር።

የጭሱን መላ አውቃለሁ፤ የማይፈለግ ውጤት
ጎራውን አዙሮ መቁጠር ነው፣ እንደ ግብዓት፤
ሲያንስ ነውና የሚወደደው።
ሰላምታስ? ሲያንስ ነው ሲበዛ የሚወደደው?
እዚህ ላይ መጽሐፉ ዝም ነው።

ግብዓት፣ እላለሁ ለብቻዬ፤ "መሬት" ይከተለዋል፣
ግብዓተ መሬት።
ፀአት ስል ደግሞ ኦሪቱ ይገለጣል፣
ከነሱዳኑ መንገድ፣ ከወጡት የገቡት ያነሱበት።
ልዩነቱ አሸዋ ውስጥ ነው።
ብክነት ብሎ የጻፈው የለም።

ዓምዷን ጎትቼ ወደ ቀኝ አዞርኩት፦
አንድ! ሀደራ ጠርዙ ላይ ወጣች።
ደስ አለኝ። ወዲያው አፈርኩ፤
ቁጥር ለወደዱት ሰው ሲዞር ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።
መለስኩት። እንደገና አዞርኩት።
ሁለቱንም አስቀመጥኩ፣ በሁለት ስም።

ኦፊራ ከዋናው ቢሮ ደወለች፦ "በጀቱ ዛሬ ይዘጋል።
አስተርጓሚዋ ወጪ ናት ወይስ ምን?"

በመስኮቱ አየኋት።
የሥራ ሰዓቷ ካለቀ ሃያ ደቂቃ አልፏል፤ ወጪ ናት በእርግጥ፣
አቶ ቢያድግልኝን ደግፋ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው።
ጥላው ሙሉውን እሳቸው ላይ ነው፣
የእሷ ግራ ትከሻ ጠቁሯል ከዝናቡ፤
እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እሷ ትመልሳለች፤
ኦፊራ ጆሮዬ ላይ "አለሽ?" ትላለች።