ፎሌ

ጣልያን ትቶልን ሄዶ ከመንገዱ ጋራ፣
አንድ ቃል አለችን በጋራዥ የምትጠራ።
ፎሌ እንላታለን፤ ማርሽ ነቅሎ መውረድ፣
ሞተር እያንጎላጀ በገዛ ክብደት መንጎድ።

በባለቤቶቹ አፍ «እብድ» ማለት ነው አሉ፤
እኔ ምን አውቄ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
ጦሳን ከጀርባ ጥዬ፣ ሐረጎን ቁልቁል ስል፣
እብዱን ነው የያዝሁት፣ ነዳጅ ቆጠብሁ ስል።

በመጀመሪያው ቀን እጄ ተንቀጥቅጧል፤
በሁለተኛው ቀን ግማሹ ረግቷል፤
በሦስተኛው ወር ላይ፣ መሪውን በክርኔ ይዤ፣
ሲጋራ ለኮስሁ፣ ከንፈሬ ላይ መዝዤ።

ማንም አልሞተማ፤ ማንም አልቆሰለ፤
ያልተቀጣ ጥፋት «ሙያ ነኝ» እያለ
ጉያዬ አደገ፣ ስሜን ተከተለ፤
መናኸሪያው ሁሉ «እንድሬ ንፋሱ» አለ።

ቅጽል ስም ክፉ ነው፤ ከፍሬን ይበረታል፤
እግር ሊረግጥ ሲል ስም ይከለክላል።
ኋላዬ ጡሩምባ፤ ጎኔ ረዳት ጀማል
«እለፈው፣ አብሽር፣ ባዶ ነው!» ይለኛል፤
የሱ ዓይን ከጉም ውስጥ ምን አይቶ ያውቃል?

ተሳፋሪው ደግሞ…
አንዷ ማርያም ትላለች፣ አንዱ ያ ረቢ ይላል፣
ከክንድ የማይርቀውን ሾፌሩን ይፈራል።
ሰማይ ድረስ ዘልቆ አቤት የሚል አንደበት፣
እኔ ጋ ሲደርስ ነው ጉልበት የሚያጣበት።

ያን ለት ነሐሴ ነው። ጉም ሐረጎን ውጦ፣
አስፋልቱ ረጥቦ፣ እንደ ዓሣ አሟልጦ፣
ድንች የጫነ አይሱዙ በማርሽ ያዘግማል፤
ትዕግሥቱ፣ አላውቅም ለምን፣ ደሜን ያፈላዋል።

ወጣሁ።

ሁለት ቢጫ መብራት ከጉም ተወላልዶ
ፊቴ ላይ ተተከለ፣ ወደኔ ነጉዶ።
ፍሬን ረገጥሁ፤ ግሎ፣ እንደ ጥጥ ሰመጠ፤
ማርሽ ልሰካ ብል፣ ማርሹ አፈነገጠ።
በምን እንዳለፍን፣ ወላሂ፣ አላውቅም፤
የግራው መስታወት ተመንግሎ የለም።

ጀማል ሳቀ፤ ሳቁ ጥርሱ ላይ ደረቀ።
«አየኸኝ?» አልሁት እኔ፤ ጉልበቴ ግን አወቀ።

ኮምቦልቻ ገባን፤ ጉሙ እላይ ቀረ፤
ሰው ወረደ፣ ከፈለ፣ ማንም አልተናገረ።
አንዲት ሴት ዘገየች፣ የፋብሪካ ሠራተኛ፣
ዘሙ ትባላለች፣ የማለዳ ደንበኛ።

«ነዳጅ ስንት ቆጠብህ?» አለች ረጋ ብላ፤
«ሃያ ብር ይሆናል» አልኋት በችኮላ።
ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ
ሃያ ብር ዘረጋች፣ ከሒሳቡ ለይታ፦
«ይሄ የነዳጁ ነው። ነገም እወርዳለሁ።
ሁለተኛ ማርሽን ካንተ ገዝቻለሁ።»

አልሰደበችኝም። ስድብማ ለምጃለሁ፤
በአንድ ጆሮ ገብቶ በመስኮት እሸኛለሁ።
እሷ ዋጋ ነገረችኝ። ሃያ ብር ነን ለካ፣
አሥራ አራት ነፍስ ሙሉ፣ በሊትር ሲለካ!

ብሩን አልበላሁም፤ ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፌዋለሁ፤
ሐረጎ አፋፍ ስደርስ በዓይኔ እነካዋለሁ።

ተለውጫለሁ አልልም፤ ውሸት ይሆንብኛል፤
ከኋላ ጡሩምባ ሲጮህ መዳፌን ይበላኛል።
አንዱ ጎረምሳ «ኤሊ!» ብሎ ሲያልፈኝ፣
ያ ስም፣ ያ «ንፋሱ» ከውስጤ ሲጠራኝ፣
ሞተሩን እሰማለሁ፤ በሁለት ያቃስታል፤
ዘሙን፣ ከኋላዬ፣ እንቅልፍ ወስዷታል።