ድንጋይ አንሺው

በባስኮች አገር፣ ዝናብ በማይጠፋበት፣
አንድ አደባባይ አለ፣ ድንጋይ የሚነሳበት።
ቤተ ክርስቲያኑ በቀኝ፣ መጠጥ ቤቱ በግራ፣
መሀል ላይ ድንጋዩ፣ ተጎልቶ እንደ ሙሽራ።
በበዓል ቀን ሕዝቡ፣ ከየሸለቆው ወርዶ፣
ላሙን ሸጦ ሳይቀር፣ በሰው ክንድ ተወራርዶ፣
ይጮኻል።

ቢሸንቴ የተባለ፣ ወገቡን በጥቁር መቀነት ያሰረ፣
ሦስት መቶ ኪሎ አለት አቅፎ፣ ትከሻው ላይ አኖረ።
ይህንን አሉኝ እንጂ፣ እኔስ አላየሁት፤
እኔ ቢሸንቴን፣ አልጋ ላይ ነው ያገኘሁት፤
ግራ ጎኑ ሞቶ፣ ቀኝ እጁ ተልፈስፍሶ፣
ሾርባ በማንኪያ ሲያነሳ፣ ግማሹን ደረቱ ላይ አፍስሶ።

ማክሰኞና ዓርብ፣ ከድንጋይ ካባው ስወጣ፣
ያንን ትልቅ ገላ፣ ላነሳ ነው የምመጣ።
ኩራት ነበረብኝ፣ አልደብቅም። የመንደሩ ነርስ
ክንዴን ጨበጥ አርጋ ነው የቀጠረችኝ፣ ልክ እንደሚገዛ ፈረስ።

እኔም አንድ እሑድ፣ ሰዎች ከጸሎት ሲወጡ፣
መቶ ኪሎዋን አቀፍኋት፤ ሽማግሎች ዱላ ተደግፈው መጡ።
እስከ ጭኔ ደረሰች፣ ደረቴ ግን አልደረሰችም፤
«ድንጋይ ልብ ትመረምራለች» አለኝ አንዱ፤ ያኔ አልገባኝም።

እህቱ ጋሹሻ፣ አርባ ኪሎ የማትሞላ፣
ነፋስ በበረታ ቀን፣ ግድግዳ የምትይዝ ለከለላ፣
የቀረውን አምስት ቀን፣ ብቻዋን ታነሳዋለች።
እንዴት እንደምትችል ብጠይቃት ሳቀች፤
«ማን አነሳው?» አለች፤ «ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ፤
የሚነሳበት ሰዓት ሲደርስ፣ አብሬው እነሳለሁ።»
የአሮጊት ቀልድ መሰለኝ።

አንድ የኅዳር ዓርብ፣ እንፋሎቱ መስታወቱን ሲያለብሰው፣
አንገቴን እንዳቀፈ፣ ደረቴ ላይ አለቀሰ ያ ግዙፍ ሰው።
ከንፈሩ እሺ እምቢ እያለው፣ ቃል በቃል እየለቀመ፣
የነገረኝ ነገር፣ አጥንቴ ውስጥ ከረመ፤

«ድንጋይ አነሳሁ።
ዋንጫ አነሳሁ።
አባቴ በረዶ ላይ ሲወድቅ፣ ልምምድ ላይ ነበርሁ፤
ያነሳችው ጋሹሻ ናት።
በዕድሜዬ
አንድ ሰው አላነሳሁም።»

ያን ሌሊት ተጋደምሁ እንጂ አልተኛሁም።
በልጅነቴ መሪጌታው የተረኩልኝ ጉልበተኞች መጡ በተራ፤
የከተማ በር ከነመቃኑ ነቅሎ፣ ተራራ ጫፍ ያወጣው፣
ኋላ ወፍጮ ሲገፋ፣ ዓይኑ የወጣው፤
ከሕዝቡ በትከሻ የበለጠው፣ ቁመቱ ያላዳነው፤
ከወንድሞቹ ቀድሞ የቀረበው፣ መልኩን ዓይተው «ይህ ነው» ያሉት፣
የዘይቱ ቀንድ ግን፣ ጠብ ሳይልለት ያለፈው፤
ማዕድ ቆሞ ሲጠብቅ፣ የተረሳውን ታናሽ እስኪጠሩት።

ከሁሉ ግን ያልሄዱልኝ፣ እነዚያ ሴቶች ናቸው፤
ሽቱ የያዘ እጅ እንጂ፣ አለት የሚገፋ ክንድ የሌላቸው።
ማለዳ ሲወጡ፣ ስለ መቃብሩ ድንጋይ እየተጨነቁ፣
ማን እንደሚያንከባልለው፣ ፈጽሞ ሳያውቁ፣
ሄዱ። መሄዳቸው ነበር ጉልበታቸው።
ሲደርሱ ድንጋዩ፣ ቀድሞ ተነስቶ ጠበቃቸው።

እኔ ስንቱን መንገድ ነው፣ ክንዴን መዝኜ የተውሁት?
ስንቱን ሰው ነው፣ እንደ ጆንያ፣ «አንድ፣ ሁለት» ብዬ ያነሳሁት?

ማክሰኞ ስመለስ፣ ውኃው ገና አልሞቀም፤
እንደ ልማዴ ብብቱን ይዤ፣ መቁጠር አልጀመርሁም።
አጠገቡ ተቀመጥሁ። ጋሹሻ ካልሲ ትጠቅማለች።
አደባባዩ ላይ ልጆች፣ ትንሿን ድንጋይ ይታገላሉ፤ ታመልጣቸዋለች።
ዝናቡ አባራ፣ ደግሞ መጣ።
ብዙ ቆየን።

ከዚያ ቢሸንቴ፣ ጉልበቴን በቀኝ ጣቱ ነካ፤
ተነሳን።
ያ ገላ ቀላል ነበር ለካ።