ሙሄ ያልቀመሰው

ሃያ ሁለት ዓመት ምላሴን ሸጬ፣
ኮምቦልቻ፣ ቢራ ፋብሪካ፣ ከረጅም ወንበር ተቀምጬ፣
ጠዋት ጠዋት በትንሽ ብርጭቆ ቀምሼ፣ ተፍቼ፣
«እንደ ትናንቱ ነው» ብዬ መዝገብ ላይ ፈርሜ ወጥቼ፤
ጣዕም ከተለወጠ ጥፋት ነው፤ ደወል ይደወላል፤
የዛሬው ትናንትን ካልመሰለ ይደፋል።
ጡረታ ስወጣ ሰዓት ሸለሙኝ፤
ምላሴን ግን ማን ይመልስልኝ?

ወገልጤና ወጣሁ፣ በኅዳር ውርጭ፣ በጭነት መኪና፣
የእህቴን ልጅ ልጠይቅ፤ ሌላ ጉዳይ የለኝምና።
ኦፓል ቆፋሪ ነው፤ ድንጋዩን በሃይላንድ ውሃ ነክሮ፣
ከገደል ወገብ ይመጣል፣ ጥፍሩ አፈር ቋጥሮ።
«አጎቴ፣ ቀማሽ አይደለህ? ና የእንጉዳይን ጥቁር ቅመስ፤
ዓመት ያደረ ነው፤ ለሁለተኛ ጣሳ አትቸኩል፣ በአንዱ ታገስ።»

እንጉዳይ ቤት ጋን የለም። ጥግ ላይ በርሜል ተጋድሟል፣
እንደ እርጉዝ ላም፣ በሁለት ግንድ ሆዱን አስደግፏል።
ከወይን ጠጅ ፋብሪካ በጨረታ የወጣ፣
በአይሱዙ፣ ከድንች ከረጢት ጋር የመጣ።
«ኦክ» ይባላል እንጨቱ፤ እንደ ስቅታ ያለ ስም፤
የባሕር ማዶ ዛፍ ነው፤ ደላንታ አይበቅልም።

ሲመጣ ደርቆ ነበር፤ ጣውላው ላልቶ፣ ቀለበቱ ዝጎ፤
ውሃ ቢሞሉት አነባ፣ ቤቱን ጭቃ አድርጎ።
ሙሄን ጠራች፣ ሙሄ ይመርን፣ ቀጥቃጩን፣
ማረሻ የሚስለውን፣ ልጓም ሠሪውን።
ሙሄ አይጠጣም፤ አባቱም፣ አያቱም አልቀመሱ፤
ግን በርሜልም ጎረቤት ነው፤ ሲያለቅስ አይተውም እሱ።
ስድስት ቀለበት ቀጥቅጦ፣ እንደጋለ አጥልቆ፣
ውሃ ሲደፋበት እንጨቱ ጮኸ፤ ከዚያ ዝም አለ ታንቆ።
በጣቱ አንኳኳ፣ ጆሮውን ለጠፈ፣ ከላይ እስከ ታች፤
«ሙይው እንግዲህ» አላት። እንጉዳይ እልል አለች።

ገብሱን ቆላች፣ ከሰል ሊሆን አንድ ትንፋሽ ሲቀረው፤
በጌሾ፣ በቅጠሉም በእንጨቱም፣ አመረረችው፤
ለአሥር ጋን የሚበቃ ብቅል ለአንድ በርሜል።
ሰፈሩ «አበደች» ይላል።
እሷ አፉን በሰም ደፍና፣
ቀኑን በጠመኔ ትቆጥራለች፣ በግድግዳው ላይ፣ ገና።

ጣሳውን አነሣሁ። ጥቁር። ጥቁር ብቻ አይደለም፤
ወደ መብራት ሳዘነብለው ጠርዙ ላይ ቀይ፣ የከሰል ፍም።
«ድንጋዩም እንዲህ ነው» አለ ልጁ፤ «ጥቁሩ ኦፓል፣
ፊት ለፊት አይናገርም፤ ሲያዞሩት ነው የሚቀጣጠል።»

አንድ ጉንጭ። መጀመሪያ ያረረ የቂጣ ጠርዝ፣
ከኋላው ጌሾ፣ ምላስን እንደ ዕዳ የሚይዝ፤
ከዚያ ማር፤ ማሩ ራሱ ሳይሆን የቀፎው ግድግዳ፤
ከዚያ ያ የማላውቀው ዛፍ፣ ደረቴ ውስጥ፣ እንደ እንግዳ
ገብቶ ጫማውን አወለቀ።

ሁለተኛው ጉንጭ የመጀመሪያውን አልመሰለም።
ሦስተኛው ሁለተኛውን።
እጄ ደወል ፈለገ። ደወል የለም።
መትፋት ረስቼ ዋጥኩት።

ከሁሉም ሥር ደግሞ፣ ከድዴ ጥግ፣ ቀጭን የብረት ጣዕም፤
በፋብሪካው ሕግ ነውር ነው፤ እዚህ ግን ባለቤት አለው፣ ስም።

ሲመሽ፣ ከሰላት በኋላ፣ ሙሄ ከደጃፍ ቆሞ ሳል አለ፤
ሻይ ተቀዳለት፤ ሳይቀመጥ ወደ በርሜሉ ዘለቀ።
አንኳኳ። አደመጠ። ዝቅ ብሎ ደግሞ አንኳኳ።
«ከወገቡ ወርዷል» አለ፤ «ሰው ጠጥቷል ለካ!»
ወደኔ ዞረ፤ «አንተ የከተማ ቀማሽ፣ ምን ይላል?»

ሃያ ሁለት ዓመት የተማርኩት ቃል
አንድ ነበር። ገለበጥኩት።
«እንደ ትናንቱ አይደለም» አልኩት።

ሳቀ፤ ሦስተኛውን ቀለበት በመዶሻ ሁለቴ መታ፤
ሻዩን ጨርሶ ሄደ፣ ብርዱን በጋቢው ሊረታ።
መዝገብ ፈለግሁ፣ የምፈርምበት፤ የለም።
እንጉዳይ ጣሳዬን አየች።
ምንም አልጠየቀች።
ደገመችልኝ።